የታምቡር ፍሬን ሸራ በትክክል ስለ መግጠም
ለመለዋወጫ ዕቃ አስመጪዎች፣ ለባለ ሱቆችና ለባለ መኪናዎች የቀረበ ማብራሪያ

በዚህ ጋዜጣ ላይ ዘወትር የሚጻፈው ስለ ዋጋ መውጣትና መውረድ፣ ስለ ቀረጥ፣ ስለ ውጭ ምንዛሪና ስለ ቡና ገበያ እንደ ሆነ የተከበሩ አንባብያን ያውቁታል። ዛሬ ግን ስለ አንድ የመኪና ዕቃ፣ ይኸውም ስለ ታምቡር ፍሬን ሸራ አገጣጠም ጥቂት ለማብራራት ፈቃዳችሁን እለምናለሁ። ነገሩ የመካኒክ እንጂ የነጋዴ አይደለም የሚል አንባቢ ቢኖር እስከ ፍጻሜው እንዲታገሠኝ እጠይቀዋለሁ። በሐዋሳ ከተማ በአንድ የመለዋወጫ ዕቃ ነጋዴ ዘንድ ጸሐፊ ሆኜ ስሠራ እንደ ተረዳሁት፣ «የማይረባ ዕቃ ሸጣችሁልኛል» ተብሎ ወደ ሱቃችን ከተመለሰው የፍሬን ሸራ ውስጥ የሚበዛው፣ ዕቃው ደኅና ሆኖ ሳለ አገጣጠሙ የተበላሸ ነው። ይህን ያላወቀ ነጋዴ ደንበኛውንም ገንዘቡንም ያጣል፤ ደንበኛው ደግሞ ከዚህ የከፋ ነገር ሊደርስበት ይችላል።

እኔ ራሴ መካኒክ አይደለሁም። የሁለተኛ ደረጃ ትምህርቴን ከጨረስሁ ወዲህ የኖርሁት ደብተር በመያዝና ደብዳቤ በመጻፍ ነው። ከዚህ በታች የማቀርበው ከዕቃው ጋር ከሚመጡት የጥገና መጻሕፍት ያነበብሁትንና አንድ አዛውንት መካኒክ ሲሠሩ አጠገባቸው ቆሜ ያየሁትን ነው።

ለዚህ ጽሑፍ መነሻ የሆነው ነገር

በዲላ መንገድ ላይ በአሮጌ ቮልስዋገኑ ዕቃ እያመላለሰ የሚነግድ አንድ ደንበኛችን፣ ለፊት እግሮች የሚሆን አራት ፍሬ ሸራ ከእኛ ገዝቶ ሄደ። በሳምንቱ ተመልሶ መጣና አሠሪዬን፣ «ጋሼ፣ የሰጡኝ ሸራ ሊገድለኝ ነበር። ፍሬን በያዝሁ ቁጥር መኪናው ወደ ቀኝ ይጎትተኛል፤ በይርጋለም በኩል ቁልቁለቱ ላይ ከመንገድ ሊያወጣኝ ነበር፤ ገንዘቤን ይመልሱልኝ» አላቸው።

አሠሪዬም፣ «እግዚአብሔር እንኳን አተረፈህ ልጄ። ገንዘብህ የትም አይሄድም፤ ግን አስቀድመን ታምቡሩን ከፍተን እንየው» ብለው ያን አዛውንት መካኒክ አስጠሩ። ታምቡሩ በተከፈተ ጊዜ የታየው ይህ ነው፦ ሸራውን የገጠመው ሰው «የቀኙ ገና ነው» ብሎ የግራውን እግር ብቻ ለውጧል፤ የቀሩት ሁለት ሸራዎች በወረቀታቸው እንደ ተጠቀለሉ በመኪናው ውስጥ ተቀምጠዋል። በግራው እግር ያለው ትንሹ የፍሬን ሲሊንደር ደግሞ ጎማው አርጅቶ የፍሬን ዘይት ያንጠባጥብ ነበርና፣ አዲሱ ሸራ በዘይት ርሶ እንደ ሳሙና ይንሸራተታል። ስለዚህ የሚይዘው የቀኙ አሮጌ ሸራ ብቻ ነበር፤ መኪናውም ወደሚይዘው ወገን መጎተቱ የማይቀር ነው።

አሠሪዬ የቀሩትን ሁለት ሸራዎች በግራው እግር አስገጥመው፣ ለቀኙ ሌላ ሁለት ፍሬ በገዙበት ዋጋ ሰጡት፤ የሲሊንደሩም ጎማ ተለወጠ። የጎማው ዋጋ ከሸራው ዋጋ እጅግ ያነሰ ነበር። ገጣሚው ያን ቀን ሲሊንደሩን ገለጥ አድርጎ ቢመለከት ኖሮ ሁለት አዲስ ሸራ ባልተበላሸ፣ የአንድ ቤተሰብ አባወራም ለሞት ባልቀረበ ነበር።

ነገሩ ዛሬ ከቀድሞው ይልቅ ስለሚያሳስብበት ምክንያት

በ2012 ዓ.ም. የወጣው የኤክሳይስ ታክስ አዋጅ ቁጥር 1186 ያገለገሉ መኪናዎች ዕድሜያቸው በጨመረ ቁጥር የሚከፈልባቸው ታክስ እንዲጨምር አድርጓል። በ2016 ዓ.ም. ደግሞ በነዳጅ የሚሠሩ የግል አውቶሞቢሎች ወደ አገር እንዳይገቡ መንግሥት ማገዱ ይታወሳል። ከዚህ የተነሣ በየቤቱ ያለው አሮጌ መኪና እየተጠገነ ብዙ ዘመን ማገልገሉ አይቀርም። ከአሮጌዎቹ መካከል ቮልስዋገን፣ ፊያት 600 እና የቆየው ላንድሮቨር በአራቱም እግራቸው የታምቡር ፍሬን ያላቸው ናቸው፤ ላዳም የኋላ ፍሬኑ ታምቡር ነው። አሮጌ መኪና ብቻ የሚመለከት ነገር እንዳይመስል ደግሞ፣ በከተማችን ጎዳና ላይ እንደ ንብ የሚተራመሰው ባጃጅ የሚቆመው በታምቡር ፍሬን መሆኑን ማስታወስ ይበቃል። የአሠራሩ ሥርዓት በሁሉም ዘንድ አንድ ነው።

በዚህ ጽሑፍ ውስጥ በምሳሌነት የያዝሁት ቮልስዋገንን ነው። ይህ መኪና ከ21 ሚሊዮን በላይ ተሠርቶ የመጨረሻው በፈረንጆች አቆጣጠር በ2003 በሜክሲኮ አገር ከፋብሪካ ወጥቷል። በእኛም አገር የታወቀ ነው፤ መስከረም 2 ቀን 1967 ዓ.ም. ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ከዙፋናቸው ወርደው ከቤተ መንግሥት የተወሰዱት በቮልስዋገን እንደ ነበር የሚያስታውስ ሰው ብዙ ነው።

የታምቡር ፍሬን አሠራር

ፍሬን የምንለው ቃል ከፈረንሳይኛው ጋር አንድ ሲሆን፣ ሥሩ በጥንቱ ሮማይስጥ ልጓም ማለት ነው። ታምቡር፣ ሞላ፣ ቡሎን፣ ዳዶ፣ ካቻቢቴ፣ ክሪክ፣ ኩሽኔታ የሚሉት የጋራዥ ቃላት ደግሞ ከኢጣልያንኛ የመጡ ናቸው። ሸራ ግን የራሳችን ስም ነው፤ የጥንቱ የፍሬን ልባስ በእርግጥም ከተሸመነ ጥጥና ከአስቤስቶስ ይሠራ ስለ ነበር ስሙ ከነገሩ ጋር ይስማማል። የታምቡር ፍሬንን በፈረንጆች አቆጣጠር በ1902 በስሙ ያስመዘገበው ፈረንሳዊው ሉዊ ሬኖ ነው።

ታምቡሩ ከጎማው ጋር አብሮ የሚዞር የብረት ከበሮ ነው። በውስጡ እንደ ማጭድ የጎበጡ ሁለት ብረቶች ፊት ለፊት ቆመዋል፤ በጀርባቸው ላይ ሸራው በሪቬት ተመትቶ ወይም በማጣበቂያ ተጣብቆ ይገኛል። ነጂው ፔዳሉን ሲረግጥ ዋናው ፖምፓ የፍሬን ዘይቱን በቧንቧ ይገፋል፤ ዘይቱም በእያንዳንዱ እግር ያለውን ትንሹን ሲሊንደር ከፍቶ ሁለቱን ሸራዎች ከታምቡሩ ጋር ያጋጥማቸዋል። እግር ከፔዳሉ ሲነሣ ሞላዎቹ ሸራዎቹን ወደ ቦታቸው ይመልሷቸዋል። የጥንቶቹ ቮልስዋገኖች ፍሬናቸው በሽቦ ገመድ የሚጎተት ነበር፤ ወደ ውጭ አገር ለሚሸጠው ዓይነት የዘይት ፍሬን የተደረገለት በፈረንጆች አቆጣጠር በ1950 ነው።

ሁለቱ ሸራዎች መልካቸው ቢመሳሰልም ሥራቸው እኩል አይደለም። አንዱ መሪ፣ ሌላው ተከታይ ይባላል። በትሩን ወደ ፊት አዘንብሎ ጫፉን መሬት ለመሬት የሚገፋ ሰው፣ በትሩ እየተሰካ እርምጃውን ያግደዋል፤ በትሩን ወደ ኋላ አዘንብሎ የሚጎትት ግን ጫፉ ያለ ችግር እየተንሸራተተ ይከተለዋል። መሪው ሸራ እንደ ፊተኛው ነው፤ የሚዞረው ታምቡር ራሱ እየሳበ ወደ ውስጡ ያጠብቀዋል። ተከታዩን ግን ታምቡሩ ገፍቶ ሊያርቀው ይሞክራል። ከዚህ የተነሣ የሸራዎቹ ቦታና አቅጣጫ ቢለዋወጥ የፍሬኑ ኀይል ይለወጣል። በተለይም በቆዩት አሜሪካ ሠራሽ መኪናዎች በብዙዎቹ ላይ፣ ሁለቱ ሸራዎች አንዱ ሌላውን እየገፋ በሚሠሩበት ጊዜ፣ የአንደኛው ልባስ አጭር የሁለተኛው ረዥም ይሆናል፤ አጭሩ ወደ መኪናው ፊት፣ ረዥሙ ወደ መኪናው ኋላ መግባት ይገባዋል። «ረዥሙ ከፊት ቢሆን የበለጠ ይይዛል» ብሎ የሚያገላብጥ ሰው ተሳስቷል።

ከመፍታት በፊት መደረግ የሚገባው

አንደኛው ሕግ፣ ሸራ የሚለወጠው በአንድ አክስል ላይ ያሉት የሁለቱም እግሮች በአንድነት መሆኑ ነው። ሁለተኛው ሕግ፣ በአንድ ጊዜ የሚፈታው አንድ እግር ብቻ መሆኑ ነው፤ የሞላው አሰካክና የብረቱ አቀማመጥ ቢጠፋ ያልተፈታው እግር ምስክር ሆኖ ይቆያል። የግራው የቀኙ መልክ በመስተዋት እንደ ታየ ተገላቢጦሽ መሆኑን ግን አለመርሳት ነው። ዛሬ ስልክ በየኪሱ አለና አስቀድሞ ፎቶግራፍ ማንሣት ከሁሉ ይቀላል።

መኪናው በደልዳላ ቦታ ቆሞ ከጎማዎቹ በስተኋላና በስተፊት ድንጋይ ወይም ሽብልቅ ይደረግ። በክሪክ ብቻ ተማምኖ ከመኪና በታች መግባት አይገባም፤ ጽኑ መቆሚያ ያስፈልጋል። የኋላ እግር የሚሠራ ከሆነ የእጅ ፍሬኑ ይፈታ፤ የገመዱም ማጥበቂያ ይላላ።

በአሮጌ ታምቡር ውስጥ የተከማቸው ትቢያ ከአስቤስቶስ የመጣ ሊሆን ይችላል። የዓለም ጤና ድርጅት ማናቸውም ዓይነት አስቤስቶስ ካንሰር እንደሚያመጣ አስታውቋል። ስለዚህ ትቢያውን በአፍም ሆነ በአየር ማሽን መንፋት ክልክል ነው፤ በውኃ አርሶ በጨርቅ ጠርጎ፣ ጨርቁን በላስቲክ ቋጥሮ መጣል ይገባል። ይህን በተለይ ለጋራዥ ልጆች የሚነግራቸው ሰው ያስፈልጋል።

አፈታቱና ምርመራው

የቮልስዋገን የፊት ታምቡር ኩሽኔታውን በውስጡ የያዘ ነው። የግራው የፊት እግር ዳዶ ጥርሱ ወደ ግራ የተቆረጠ ስለ ሆነ የሚፈታው እንደ ሌላው ሳይሆን በተገላቢጦሽ ነው፤ የፍጥነት መለኪያው ገመድም በዚያው እግር መካከል ያልፋል። የኋላው ታምቡር የታሰረው ባለ 36 ሚሊሜትር ትልቅ ዳዶ ሲሆን፣ በኮፒሊያ የተቆለፈ ነው። ይህን ዳዶ መኪናው ከመነሣቱ በፊት፣ ጎማዎቹ መሬት እንደ ረገጡ መፍታትና መጨረሻም መሬት ላይ ሳለ ማጥበቅ ይገባል።

ታምቡሩ አልወጣም ቢል በመዶሻ አይደበደብ። ብዙ ጊዜ የሚይዘው በዳር ያበጀው የብረት ጠርዝ ነውና፣ የሸራውን ማስተካከያ ጥርስ አስቀድሞ ማላላት ይበቃል። ታምቡሩ ከወጣ በኋላ ማንም የፍሬን ፔዳሉን እንዳይረግጥ መጠንቀቅ ነው፤ ቢረገጥ የትንሹ ሲሊንደር ፒስተኖች ዘለው ይወጣሉ፣ ዘይቱም ይፈሳል።

ከዚህ በኋላ የሚደረገው ምርመራ የሥራው ሁሉ መሠረት ነው። በመጀመሪያ በትንሹ ሲሊንደር ጫፍ ያለውን የጎማ ቆብ ገለጥ አድርጎ ማየት፤ በውስጡ እርጥበት ቢገኝ ጎማው ወይም ሲሊንደሩ በሙሉ ሳይለወጥ አዲስ ሸራ አይገጠምም። በሁለተኛ ደረጃ የአክስሉን ፓራኦሊዮ መመልከት፤ ከኋላ የማርሽ ዘይት፣ ከፊት የኩሽኔታ ግሪስ ወደ ሸራው የሚደርሰው በዚህ በኩል ነው። በሦስተኛ ደረጃ የታምቡሩን ውስጥ መዳሰስ፤ የታረሰ መሬት የመሰለ ቦይ ካበጀ ወይም ሞላላ ከሆነ በቶርኖ መላግ ያስፈልገዋል። የሚላገውም የግራውና የቀኙ እኩል መሆን አለበት። በብዙ ታምቡሮች ላይ ሊደርሱ የሚችሉበት የመጨረሻ ስፋት በብረቱ ላይ ተጽፎ ይገኛል፤ ከዚያ ያለፈ ታምቡር ለቁርጥራጭ ብረት ነጋዴ እንጂ ለመንገድ አይሆንም።

እዚህ ላይ ባለ ሱቆች ሊያስተውሉት የሚገባ ነገር አለ። ታምቡሩ ብዙ ጊዜ ተልጎ ሰፍቶ ከሆነ አዲሱ ሸራ ጉብጠቱ ከታምቡሩ ጉብጠት ጋር አይስማማም፤ የሚነካው በመካከሉ ብቻ ይሆናል። ደንበኛው «አዲሱ ሸራ ከአሮጌው ያነሰ ይይዛል» ብሎ የሚመጣው ብዙ ጊዜ በዚህ ምክንያት ነው። መድኀኒቱ ሸራውን በታምቡሩ ልክ ማስሞረድ ወይም ታምቡሩን መለወጥ ነው።

ሞላዎቹም ይመርመሩ። ሙቀት ያጠቆራቸው ወይም ቀለበታቸው የተከፈተ ሞላዎች ሸራውን በጊዜው አይመልሱትም፤ ሸራው ከታምቡሩ ጋር እየተፋተገ ይግላል፣ ቶሎም ያልቃል። ሸራ ሲለወጥ ሞላም አብሮ ቢለወጥ ወጪው ጥቂት፣ ጥቅሙ ብዙ ነው።

አገጣጠሙ

የጀርባው ሳህን በፍሬን ማጽጃ ወይም በአልኮል ተጠርጎ ይድረቅ። በናፍታ ማጠብ የተለመደ ስሕተት ነው፤ ናፍታ ቅባቱን ትቶ ይሄዳል፣ የፍሬኑንም ጎማዎች ያበላሻል። የሸራው ብረት በሳህኑ ላይ የሚንሸራተትባቸው ትንንሽ ጉብታዎች አሉ፤ በእነዚያ ላይ ሙቀት የሚችል ግሪስ በጣት ጫፍ እንደ ቀለም ስስ ተደርጎ ይቀባል። ከዚያ በላይ የሆነ ግሪስ ወደ ሸራው መድረሱ አይቀርም። ማስተካከያዎቹም ጥርሳቸው ጸድቶ፣ በእጅ እስኪዞሩ ድረስ ተላልተው፣ እስከ መጨረሻው ወደ ውስጥ ይግቡ።

ከዚህ በኋላ እጅ በሳሙና ይታጠብ፤ ሸራ በዘይት እጅ አይያዝም። አዲሶቹ ሸራዎች ከአሮጌዎቹ ጎን ተዘርግተው ቀዳዳቸው፣ ስፋታቸውና የጫፋቸው አቆራረጥ ይመሳከር። በቮልስዋገን ማስተካከያ ራስ ላይ የሸራው ጫፍ የሚቀመጥበት ስንጥቅ አለ፤ ስንጥቁ አግድም የተቆረጠ ሳይሆን ዘንበል ያለ ነው። ዝንባሌው ከሸራው ጫፍ ዝንባሌ ጋር እንዲገጥም ካልተዞረ ሸራው ተጣሞ ይቀመጣል፤ ተጣሞ የተቀመጠ ሸራ ደግሞ በአንድ ጎኑ ብቻ ያልቃል። በኋላ እግር ከሆነ የእጅ ፍሬኑ ክንድ ያለበት ሸራ በገመዱ ወገን ይገባል፤ በሁለቱ ሸራዎች መካከል የሚቆመውም መግፊያ ብረት በየስንጥቁ ውስጥ መግባቱ ይረጋገጥ።

ሞላዎቹ አስቀድሞ በነበሩበት ቀዳዳ ይሰኩ። ሞላ ሲሳብ በፒንሳ ወይም በሞላ መሳቢያ ይያዝ፤ ዓይንም በመነጽር ይጠበቅ። ሸራውን ከሳህኑ ጋር የሚይዙት መርፌዎች ከነትንንሽ ሞላቸውና ከነክዳናቸው ሩብ ዙር ዞረው ይቆለፋሉ። ሁሉም በቦታው ከሆነ በኋላ ሸራዎቹን በመዳፍ መታ መታ አድርጎ ወደ መካከል ማምጣት፣ የሸራውን ፊት በብርጭቆ ወረቀት ቀለል አድርጎ መፈተግና በንጹሕ ጨርቅ መጥረግ ይገባል። ከዚያም ታምቡሩ ይግባ። ያለ ትግል ሊገባ ይገባዋል፤ አልገባም ካለ ሸራው ከመካከል ወጥቷል፣ ወይም ማስተካከያው አልተላላም፣ ወይም ዕቃው የሌላ መኪና ነው።

የፊቱ ኩሽኔታ የሚጠብቀው ታምቡሩ እንደ ልቡ እስኪዞር፣ ነገር ግን እስከማይንገጫገጭ ድረስ ነው። የኋላው ትልቅ ዳዶ ግን 30 ኪሎግራም ሜትር ያህል ይጠብቃል፤ ይኸውም አንድ ሜትር ርዝመት ባለው መፍቻ ጫፍ ላይ 30 ኪሎ ክብደት እንደ ማንጠልጠል ነው። የኮፒሊያው ቀዳዳ ባይገጥም ዳዶው ወደ ፊት ይጠብቃል እንጂ ወደ ኋላ አይላላም። ኮፒሊያውም ሁልጊዜ አዲስ ይሁን።

ማስተካከል፣ አየር ማስወጣትና ማለማመድ

በመጀመሪያ ፔዳሉ ጥቂት ጊዜ ተረግጦ ሸራዎቹ ቦታቸውን ይያዙ። ከዚያም በቆዩት ቮልስዋገኖች በታምቡሩ ፊት፣ በኋለኞቹ በጀርባው ሳህን በኩል ባለችው ቀዳዳ ካቻቢቴ አስገብቶ የማስተካከያውን ጥርስ ማዞር ነው። ጎማው ተይዞ አልዞር እስኪል ይጠብቃል፤ ከዚያ ከ3 እስከ 4 ጥርስ ወደ ኋላ ይመለሳል። ለእያንዳንዱ ሸራ የራሱ ማስተካከያ ስላለው ሥራው በአንድ እግር ሁለት ጊዜ ይደረጋል። የእጅ ፍሬኑ ገመድ የሚስተካከለው ከዚህ በኋላ እንጂ አስቀድሞ አይደለም፤ አስቀድሞ የተጠበቀ ገመድ ሸራውን እየገፋ ልኩን ያሳስታል።

የዘይቱ መሥመር ተከፍቶ ከነበረ አየሩ ይውጣ። መሪው በስተግራ በሆነ መኪና ላይ የሚጀመረው ከዋናው ፖምፓ በጣም ከሚርቀው ከቀኙ የኋላ እግር ነው፤ ቀጥሎ የግራው የኋላ፣ ቀጥሎ የቀኙ የፊት፣ በመጨረሻ የግራው የፊት ይሆናል። የፍሬን ዘይት ከአየር ውስጥ እርጥበት ይጠጣል። ዶት 3 የተባለው ዘይት አዲስ ሳለ ቢያንስ እስከ 205 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ሳይፈላ ይቆያል፤ እርጥበት ከጠጣ በኋላ ግን የሚጠበቅበት 140 ዲግሪ ብቻ ነው። በዶት 4 ይህ ልክ 230 እና 155 ነው። ስለዚህ ክዳኑ ተከፍቶ የከረመ ጣሳ ለፍሬን አይሆንም። የሞተር ዘይት በፍሬን ዘይት ፈንታ መጨመር ደግሞ ጎማዎቹን ሁሉ አሳብጦ ፍሬኑን ያጠፋል።

አዲስ ሸራ ወዲያው ሙሉ ኀይሉን አይሰጥም። ለመጀመሪያዎቹ 200 እስከ 300 ኪሎሜትሮች ነጂው ቀስ እያለ፣ ፍሬኑን በለዘብታ እየያዘ፣ በመካከሉም እያቀዘቀዘ ይንዳ። ከጋራዥ እንደ ወጣ ጭነት ይዞ ወደ ሻሸመኔ ወይም ወደ ዲላ መገስገስ አይገባም። የመጀመሪያው ሙከራ ሰውና ከብት በሌለበት ደልዳላ ቦታ በዝግታ ይሁን። ሸራው ከተለማመደ በኋላ ማስተካከያው አንድ ጊዜ እንደ ገና ይታይ።

ለአስመጪዎችና ለባለ ሱቆች የሚሆን ምክር

አስመጪው ትዕዛዝ ሲጽፍ «የቮልስዋገን ሸራ» ብሎ ቢተወው ያልፈለገው ዕቃ ይመጣለታል። የሸራው ስፋት በየዘመኑ ተለዋውጧል፤ የፊቱና የኋላው የሚለያይበትም ሞዴል አለ። ስለዚህ የመኪናው ሞዴልና ዘመን፣ የሻንሲ ቁጥሩ፣ የታምቡሩ የውስጥ ስፋት፣ የሸራው ወርድ፣ የፊት ወይም የኋላ መሆኑ በትዕዛዙ ላይ ይጻፍ። ናሙና በእጅ ካለ በሚሊሜትር ተለክቶ ይላክ።

ባለ ሱቁ ደግሞ ደንበኛውን እንዲህ ብሎ ቢጠይቅ ብዙ ክርክር ይቀርለታል፦ መኪናው የስንት ዓመተ ምሕረት ነው? ቸርኬው ባለ 5 ቡሎን ነው ወይስ ባለ 4? አሮጌውን ሸራ ይዘኸዋል? ሲሊንደሩ ያንጠባጥባል? ሸራ በጥንድ እግር ሙሉውን እንጂ ግማሹን አለመሸጥ፣ የሲሊንደሩንም ጎማ አብሮ ማሳየት መልካም ነው። በመደርደሪያ ላይ ሸራ ከዘይትና ከግሪስ ርቆ በወረቀቱ እንደ ተጠቀለለ ይቀመጥ። የፍሬን ዘይትም በትንንሽ ጣሳ ቢመጣ ይሻላል፤ ከትልቅ በርሜል እየቀዱ መሸጥ እርጥበት ያስገባል።

ዕቃው «አይረባም» ተብሎ ሲመለስ ምክንያቱን ከምልክቱ ማወቅ ይቻላል። መኪናው ወደ አንድ ወገን የሚጎትት ከሆነ በሌላው ወገን ዘይት ወይም የአስተካከል ጉድለት አለ። ፔዳሉ እንደ ስፖንጅ ከለሰለሰ በመሥመሩ ውስጥ አየር አለ። ፔዳሉ ርቆ ሄዶ ሁለተኛ ሲረገጥ ከፍ ካለ ሸራው አልተስተካከለም። ተረግጦ እንደ ተያዘ ቀስ እያለ ከሰመጠ ግን ዘይት የሚያፈስ ቦታ ወይም የደከመ ዋና ፖምፓ አለ፤ እንዲህ ያለው መኪና ከቦታው መነሣት የለበትም። አንዱ ጎማ ከሌሎቹ ይልቅ ከጋለ ሞላው ደክሟል ወይም የእጅ ፍሬኑ ጠብቋል። ከእነዚህ ምልክቶች መካከል አንዳቸውም ብቻቸውን የሸራውን መጥፎነት አያስረዱም።

ቡና የሚያስጭኑ ላኪዎችም ይህ ጉዳይ ይነካቸዋል። የጭነት መኪና ታምቡር በረዥም ቁልቁለት ሲግል እየሰፋ ከሸራው ይርቃል፤ ሸራውም በሙቀት ብዛት መያዙን ይቀንሳል። ከሐገረ ሰላም ከፍታ ወደ አለታ ወንዶ የሚወርድ ነጂ ቁልቁለቱን የሚጀምረው በዝቅተኛ ማርሽ ሊሆን ይገባል እንጂ ሸራውን ብቻ ተማምኖ አይደለም። ደኅና ሸራ በደኅና እጅ ቢገጠምም እንኳ ከልኩ በላይ ያለ ጭነትን አይችልም።

በሱቃችን ከዚያ ቀን ወዲህ አንድ ልማድ ተጀምሯል። ሸራ በተሸጠ ቁጥር ከደረሰኙ ጋር አምስት መሥመር የተጻፈባት ትንሽ ወረቀት እሰጣለሁ፦ ሁለቱም እግር በአንድነት ይለወጥ፤ ሲሊንደሩና ፓራኦሊዮው ይታይ፤ ሸራው በንጹሕ እጅ ይያዝ፤ ማስተካከያው ሲያልቅ ይመለስ፤ መጀመሪያ በዝግታ ይነዳ። ወረቀቷን ለማባዛት የምናወጣው ገንዘብ ከአንድ የተመለሰ ሸራ ዋጋ ያነሰ ነው። የሥራ ባልደረቦቻችንም ይህን ቢያደርጉ ለንግዳቸው መልካም ስም፣ ለደንበኞቻቸውም በሰላም ወደ ቤት መግባት እንደሚያስገኝላቸው በማመን ጽሑፌን እዚህ ላይ እፈጽማለሁ።